በደምመላሽ ክንድ ላይ የነበረው ስም

የሺዓለም ስሙን ያየችው በሠርጋቸው ማግስት ነው። ደምመላሽ ፊቱን ሊታጠብ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እሷ በጣሳ ውሃ ስታፈስለት፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። በግራ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ ሦስት ፊደል ተነቅሷል። ከሪማ ይላል። ጥቁር ሆኖ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው፣ የመጀመሪያው ፊደል ትንሽ ዘመም ያለ፣ የሠለጠነ እጅ ያልነካው ንቅሳት ነው። ውሃው ጣሳው ውስጥ ቀረ።

«አፍስሺ እንጂ» አላት፣ ዐይኑ ሳሙና ገብቶበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጦርነቱ ጊዜ ነገር ነው። ተይው።»

«የጦርነቱ ስም ከሪማ ነበር እንዴ?»

ሳሙናውን በእጅጌው ጠርጎ ቀና አለ። ሙሽሪት እየሳቀች መስሎት ነበር። አልሳቀችም።

የሺዓለም የአራዳ ልጅ ናት፤ ጊዮርጊስ ሥር ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ትታ ፒያሳ እትዬ ሙሉእመቤት ፀጉር ቤት የገባች። እጇ ወርቅ ነው ይሏታል። የሚኒስትር ሚስትም ሆነች የቡና ቤት አስተናጋጅ፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች የሺን ነው የምትጠይቀው። ቅናቷ ግን አብሯት ያደገ ነው። ልጅ ሳለች እናቷ የጎረቤት ልጅ ፀጉር ከሠራች ያን ቀን እራት አልበላም ትል ነበር ይባላል። ከደምመላሽ ጋር የተዋወቁት እሱ በሚነዳው ውይይት ታክሲ ነው። ጠዋት ጠዋት ጋቢናውን ለእሷ ይጠብቅላት ጀመር፤ አንድ ቀን ሌላ ሴት ቀድማ ጋቢና ብትገባ የሺ ከኋላ ተቀምጣ ፒያሳ እስክትደርስ አኮረፈች። እሱም በዚያ ኩርፊያ እንደምትወደው ገባው። በእጮኝነታቸው ጊዜ ሁሉ ሙቀቱ ምን ቢብስ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ከመልበስ ቦዝኖ አያውቅም። እሷ ጨዋነት መስሏት ነበር።

ነገሩን ያወጣጣችው ቀስ በቀስ ነው። ደምመላሽ ያደገው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው፤ አባቱ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ድንች ያከፋፍሉ ነበር። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው የጨርቃጨርቅ ነጋዴው ሐጂ አብዱልሃሚድ ሲሆኑ፣ ከሪማ የእሳቸው ልጅ ናት። ሁለቱም ቤተሰብ የአንድ አገር ሰዎች ናቸው፤ በዓል ሲሆን ሳህን ይላላካሉ፤ ሐዘን ሲሆን አንድ ድንኳን ያስጥላሉ። ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን መስጊድና ቤተ ክርስቲያን መሃል ይቆማሉ። ደምመላሽ ይህን ስለሚያውቅ አፉን ዘግቶ ኖረ። የሶማሌ ጦርነት ሲመጣ ሹፌር ነህ ተብሎ ስንቅ ጭኖ ወደ ምሥራቅ ተላከ። ሐረር ላይ መንገዱ እስኪከፈት ሲጠብቁ፣ ሐዱሽ የሚባል ጓደኛው መርፌዎች በክር አስሮ፣ የፋኖስ ጥላሸት በውሃ በጥብጦ፣ ለሹፌሩ ሁሉ ክንድ ላይ ይነቅስ ጀመር። አንዱ የእናቱን ስም አስጻፈ። አንዱ መስቀል አስነቀሰ። ደምመላሽ ከሪማ ብለህ ጻፍ አለው።

«ነገ የምሞት መስሎኝ ነበር» አላት ለየሺ። «የሚሞትን ሰው ማን ይጠይቀዋል ብዬ።»

«እና አልሞትክም።»

«አልሞትኩም። ይቅርታ።»

ከሪማ አሁን ባለትዳር ናት። የአባቷን ሱቅ ይዛ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። የደምመላሽ መስመር ደግሞ ከፒያሳ ስድስት ኪሎ ነው። ድልድዩን ሳይሻገር መዋል አይችልም።

የሺ ይህን ባወቀች ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ሥራ የለኝም ብላ ጋቢናው ውስጥ ገብታ ሲነዳ አብራው ዋለች። ለጨዋታ መስሎት ደስ አለው። እሷ የምትጠብቀው ድልድዩን ነበር። እዚያ ሲደርሱ ከመንገዱ ዐይኗን ነቅላ እሱን ብቻ አየች። ደምመላሽ ወደ ሱቆቹ ዞር አላለም። አንገቱ ተገትሮ፣ ዐይኑ ፊት ለፊት ተተክሎ፣ ድልድዩን አለፈ። ቢዞር ይሻላት ነበር። ሰው ለማያስበው ነገር አንገቱን እንዲህ አይገትርም።

በሌላ ቀን ደግሞ ብቻዋን ወደ ሱቁ ወረደች። ገበሬ ጨርቅ ሊገዛ ይከራከራል፤ ከባንኮኒው ኋላ ሻሽ ያሰረች፣ ሞላ ያለች፣ የፊት ጥርሶቿ ፍንጭት የሆነ ሴት ሜትሩን ይዛ ትስቃለች። የሺ ቆንጆ ጠብቃ ነበር። ቆንጆ ብትሆን ምን እንደምትጠላ ታውቅ ነበር። ከሪማ ግን ፀጉር ቤት ብትመጣ ዐይን የማትስብ፣ ሳቋ ብቻ የሚሞቅ ሴት ናት። የሺ የልብስ ገበር እፈልጋለሁ አለች። ከሪማ ለክታ፣ ከልኩ በላይ ጥቂት ጨምራ ቀደደችላት።

«ገበር ይሰበሰባል እህቴ። ኋላ እንዳያጥርሽ።»

የሺ ጨርቁን ይዛ ወጣች። ባትወዳት ቀላል ነበር። ወደደቻት፤ ስለዚህም ደምመላሽ ለምን እንደወደዳት ገባት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ከሪማ ሦስተኛ ሰው ሆነች። ደምመላሽ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ ቢያሳርፍ የሺ ሳህኗን አንሥታ ሌላ ጥግ ትቀመጣለች። ተኝቶ ክንዱን ቢጥልባት ሌላ ሴት ያቀፈቻት ይመስላታል። በፋሻ ሸፍነው አለችው፤ ሸፈነው። ፋሻው ደግሞ ይልቁን አስታወሳት፤ ፍታው አለችው።

እትዬ ሙሉእመቤት ይህን ሁሉ እያዩ «አንቺ ልጅ፣ በሥጋዋ የመጣች ጣውንት ብትኖርብሽ ምን ልትሆኚ ነው? ይቺ እኮ ቀለም ናት» ይሏታል።

«ቀለም ብትሆን ትታጠብ ነበር እትዬ።»

ከደንበኞቿ አንዷ ነርስ ናት። ፀጉሯን እያሠራች፣ አንድ የቆዳ ሐኪም ውጭ አገር ተምረው መምጣታቸውን፣ እዚያ አገር ንቅሳት በብርሃን ሲጠፋ በዐይናቸው ማየታቸውን አወራች። የሺ ማበጠሪያውን አስቀምጣ የሐኪሙን ስም ጠየቀች። በሳምንቱ ደምመላሽን እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው።

ዶክተር ዓምደሚካኤል ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ክንዱን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆዳውን በሁለት ጣታቸው ወጠሩት።

«ጥላሸት ነው?»

«አዎ ዶክተር። የፋኖስ» አለ ደምመላሽ።

«ጥሩ። ላስረዳችሁ። የላይኛው ቆዳችን ሁልጊዜ እየረገፈ ይታደሳል። ቀለሙ እዚያ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይረግፍ ነበር። መርፌው ያስቀመጠው ግን ከሥሩ፣ ሁለተኛው ቆዳ ውስጥ ነው። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ዝም አይልም፤ ውጠው እንዲያስወግዱ ዘበኞቹን ይልካል። ችግሩ የጥላሸቱ ቅንጣት ለዘበኞቹ ትልቅ ነው። ይጎርሱታል፤ ማላመጥም መትፋትም ያቅታቸውና እንደጎረሱት እዚያው ይቀመጣሉ። ይሄ የምናየው ጥቁር እሱ ነው።»

«በብርሃን ይጠፋል የሚሉትስ?» አለች የሺ፣ ወንበሯን ወደፊት ስባ።

«ሌዘር ይባላል። እንደ አምፖል ብርሃን የተበተነ አይደለም፤ አንድ ቀለም ብቻ ያለው፣ አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰበ ብርሃን ነው። ከዐይን ጥቅሻ እጅግ በፈጠነ ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የላይኛውን ቆዳ አልፎ ጥቁሩ ቀለም ላይ ሲደርስ ቀለሙ ይጠጣዋል። በድንገት ሲግል ይፈረካከሳል፤ የቀዘቀዘ ብርጭቆ ውስጥ የፈላ ውሃ ሲጨመር ጧ ብሎ እንደሚሰነጠቀው ማለት ነው። ያን ጊዜ ትልቁ ቅንጣት ዱቄት ይሆናል። ዘበኞቹ ዱቄቱን ማጓጓዝ ይችላሉ፤ እየጠረጉ ይወስዱታል። ታዲያ በአንድ ቀን አያልቅም። ይበራበታል፣ ሳምንታት ይጠበቃል፣ ትንሽ ይደበዝዛል፤ እንደገና ይበራበታል።»

«ያማል?» አለ ደምመላሽ።

«መጥበሻ ላይ የጋለ ዘይት ሲፈናጠር እንደሚለበልበው ነው ይላሉ።»

የሺ ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። «የሚጠረገው ዱቄት የት ይሄዳል?»

«ገሚሱ ከሰውነት ይወጣል። ገሚሱ ብብት ሥር ያሉት ዕጢዎች ውስጥ ሄዶ ይቀራል። ጉዳት የለውም።»

«ብብቱ ሥር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ከክንዱ ተነሥታ ወደ ልቡ ልትጠጋ ነዋ!»

ዶክተሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። ደምመላሽ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። የሺ አንዱንም አንዱንም እያየች ጠበቀች፤ ጥያቄዋ የምር ነበር።

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ። መሣሪያው አገር ውስጥ የለም። ቢኖርም እንኳ እሳቸው ሲታከሙ ያዩአቸው ሁሉ ነጮች ናቸው። «የእኛ ቆዳ የራሱ ጥቁረት አለው። ብርሃኑ የትኛው የመርፌ ቀለም፣ የትኛው የተፈጥሮ ቀለም እንደሆነ ለይቶ አያውቅም። ቆዳውን ሊያነጣው፣ ሊያቆስለው ይችላል። እዚህ ያለን አማራጭ ቆርጦ መስፋት ነው።» ከዚያ የደምመላሽን የሸሚዝ ኮሌታ ገለጥ አድርገው አንገቱ ሥር የነበረውን፣ የጥይት ፍንጣሪ የተወለትን ያበጠ ጠባሳ ዳሰሱ። «ይሄን ሳይ ግን ቢላዋ ማንሣት አልፈልግም። የአንተ ቆዳ ሲቆስል ከልክ በላይ ነው የሚድነው፤ ጠባሳው እያበጠ ይሄዳል። ጨው አትሹበት፣ አሲድ አታስነኩት፣ በምንም አታቁስሉት። ሰምታችኋል?»

ሁለቱም ሰምተናል አሉ። ደምመላሽ ከልቡ ነው። የሺ ግን ከሆስፒታሉ ደጅ ሳትወጣ የፀጉር ማለስለሻውን ክሬም አስባ ነበር።

ያ ክሬም በዚያ ዘመን እንደልብ አይገኝም፤ የአየር መንገድ ሆስተሶች በሻንጣቸው ይዘው ሲመጡ እትዬ ሙሉእመቤት ቆልፈው ያስቀምጡታል። ከርዳዳውን ፀጉር ሐር የሚያደርግ፣ ጥቂት ከዘገየ ግን የራስ ቅል ቆዳ የሚልጥ ነው። የሺ በዚህ ክሬም ስትሠራ ማንንም አቁስላ አታውቅም። እጄ አይስትም፣ ፊደሉን ብቻ ነው የምነካው፣ ሌላውን ቆዳ አልደርስበትም ብላ ራሷን አሳመነች። ደምመላሽን ለማሳመን ጊዜ ወሰደባት። እንቢ አለ። አኮረፈች። እንደገና እንቢ አለ። አልቅሳ እናቷ ቤት ሄደች። ሊያመጣት ሲሄድ፣ በአማቱ ፊት እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋላት።

«በቃ፣ አጥፊውና እንረፍ።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነበር። ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው። ደምመላሽን ደንበኞቿ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ፎጣ ደረበችለት። በፊደሎቹ ዙሪያ ቫዝሊን ቀባች፤ በእያንዳንዱ ጠርዝ፣ የ«ሪ»ን እግር ሳትስት። ከዚያ የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ክሬም እየወሰደች፣ ሐዱሽ ሐረር ላይ በመርፌ የሄደበትን መንገድ እሷ በክሬም ሄደችበት። ደምመላሽ ጥርሱን ነክሶ መስተዋቱ ውስጥ ያያታል።

«ይበቃል?»

«ትንሽ ብቻ።»

ፀጉር ላይ ቢሆን ድሮ ታጥባው ነበር። አላጠበችውም። ቆዳው ነጭ ሆኖ ሲኮማተር አየች፤ ጥቁሩ ግን አሁንም ከሥር ይታያል፤ ያን ስታይ ጨመረችበት። ደምመላሽ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ቧንቧው የሮጠው ራሱ ነው።

ቁስሉ ለብዙ ጊዜ አመረቀዘ። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ነዳ። የሺ እያጠበች፣ እያሰረች፣ ሌሊት ሲቃትት አብራው እየነቃች አስታመመችው፤ በዚያ ሰሞን የተናደደችበት አንድም ቀን የለም። ቅርፊቱ ሲረግፍ ጥላሸቱም አብሮ መሄዱን አየች። ከሥሩ ሮዝ የሆነ ለስላሳ ቆዳ ቀርቷል። ስሙ የለም። ከደስታዋ ብዛት ለጊዮርጊስ ጧፍ ወሰደች።

ከዚያ ክንዱን ያሳክከው ጀመር። ሮዙ ቆዳ ጠነከረ፤ ቀላ፤ ከዚያም ከፍ ከፍ እያለ መጣ። የሺ ቫዝሊን እየቀባች የጠበቀችው ቆዳ ደህና ነበር፤ ክሬሙ የነካው ብቻ አበጠ። ክረምቱ ሲወጣ ደምመላሽ ክንድ ላይ የሚያብለጨልጭ፣ ገመድ ያህል የወፈረ ጠባሳ ቆሟል። ከሪማ ይላል። ድሮ ለማንበብ ብርሃን ያስፈልግ ነበር። አሁን የሺ ዐይኗን ጨፍና በጣቷ ልታነበው ትችላለች።

ዶክተር ዓምደሚካኤል ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። ወደ የሺ ዞረው «ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት አለሽ» አሏት። ከዚያ ጠባሳውን የሚያለዝብ መርፌ ጀመሩለት፤ በየጊዜው እየመጣ እንዲወጋ፣ ውጤቱ ግን ዘገምተኛ መሆኑን ነገሩት። የሺ ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደር ላይ ቆመች።

ሰው ጥፋቱ ሲከብደው አንዳንዴ በሌላው ላይ ያወርደዋል። ደምመላሽ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሳትም፤ ያ ባሰባት። አንድ ቀን ተሳፋሪ ጠባሳውን አይቶ «ከሪማ ማናት?» ብሎ እንደጠየቀው እየሳቀ ሲነግራት፣ የሺ ነጠላዋን ብድግ አድርጋ ወደ ድልድዩ ወረደች።

ከሪማ ከባንኮኒው ኋላ ጨርቅ ታጥፋለች። የሺን ለየቻት። «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ገበሩ አጠረሽ እንዴ?»

«ስምሽን ከባሌ ክንድ ላይ አንሺልኝ!»

ከሪማ ጨርቁን አስቀመጠች። «ምን?»

የሺ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣችው፤ ጥላሸቱን፣ መርፌውን፣ ክሬሙን፣ ያበጠውን ጠባሳ። ከሪማ ትሰማለች፤ ፊቷ ግን ግራ ከመጋባት አልወጣም።

«የማን ክንድ ላይ ነው የምትይው?»

«የደምመላሽ!»

«የትኛው ደምመላሽ?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ራሷ አገኘችው። ከበርጩማዋ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «የዶሮ ማነቂያው? የጎረቤታችን ልጅ?»

የሺ ያን ጊዜ ነገሩ ትንሽ ገረማት። «አታውቂም ነበር?»

«መቼ ነው ያስጻፈው?»

«ሐረር። ጦርነቱ ላይ።»

ከሪማ ዐይኗን ባንኮኒው ጫፍ ላይ ጣለች። «ሊሄድ ሲል እዚህ መጥቶ ነበር። እዚያ ጋ ቆሞ ካኪ ቅደጂልኝ አለኝ። መንግሥት ካኪ ሊያለብሰው፣ እሱ ካኪ ይገዛል! አንድ ነገር ሊናገር ነው ብዬ፣ ሆን ብዬ ስለካ ዘገየሁ። ጨርቁን ተቀብሎኝ ሄደ።» ባንኮኒውን በመዳፏ አበሰችና ለራሷ ያህል «ሞኝ» አለች።

ከዚያ ሁሉ ነገር የሺን የወጋት ይህቺ ቃል ናት። ስድብ አልነበረችም። የሺ ራሷ ለደምመላሽ እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራው አታውቅም።

ከጓዳ የወንድ ድምፅ ከሪማን ጠራ፤ ባሏ እንድሪስ ነው። «መጣሁ!» አለች። ተነሥታ ሻሿን አስተካከለች፤ ፊቷ እንደ ሱቅ መዝጊያ ተዘጋ። «እህቴ፣ እኔ ባልም ልጆችም አሉኝ። ያልጻፍኩትን ላጠፋልሽ አልችልም። በአላህ ይሁንብሽ፣ ሁለተኛ በዚህ ነገር አትምጪብኝ።»

የሺ ዳገቱን ወደ ፒያሳ ስትወጣ የሠራችው ነገር ገባት። ደምመላሽ ሊናገር ፈርቶ ጦር ሜዳ ድረስ ተሸክሞት የሄደውን፣ ተመልሶም በድልድዩ በተሻገረ ቁጥር የዋጠውን ቃል፣ እሷ በገዛ እግሯ ወርዳ አደረሰችለት። ከሪማም መልሷን ሰጠች። መልሱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሺ ብቻ ናት።

ልትደብቀው ሞከረች። ሥራ ላይ የደንበኛ ጆሮ በጋለ ማበጠሪያ ነካች፤ ይህ በዕድሜዋ ደርሶባት አያውቅም። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደምመላሽ ደጅ ላይ መኪናውን ሲያጥብ አጠገቡ ቆማ ነገረችው። ካኪውንም፣ ስትለካ መዘግየቷንም።

«ሞኝ አለችህ» ብላ ጨረሰች።

ደምመላሽ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። የያዘውን ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ነክሮ ለረጅም ጊዜ ጨመቀው።

«እውነቷን ነው» አለ። ቆይቶም «ለምን ነገርሽኝ?»

«ብቻዬን አቃተኝ።»

በማግስቱ መስመሩን ቀየረ፤ ከመርካቶ ኮልፌ መሥራት ጀመረ። ለምን ብላ ስትጠይቀው አልዋሻትም፤ «በዚያ በኩል ማለፍ ከበደኝ» አላት። የሺ ለዓመታት የተመኘችው ይህንኑ ነበር፤ በድልድዩ እንዳያልፍ። አሁን ሲሆን ግን ከሁሉ የከፋው ቅናት ያዛት። ድሮ የሚያልፈው ምንም እንደሌለው ስለሚያውቅ ነበር። አሁን የማያልፈው አንድ ነገር እንደነበረው ስላወቀ ነው። ይህን የሰጠችውም እሷ ናት።

ዓመት ያህል እንዲህ ሆነ። መርፌው ጠባሳውን እያለዘበው፣ ፊደሎቹ እርስ በርሳቸው እየተቀላቀሉ ሄዱ፤ የማያውቅ ሰው ቢያየው የእሳት ጠባሳ የሚመስለው ሆነ። የሺ ለስሙ መጥፋት ጧፍ አልወሰደችም። የሚቆረቁራት ሌላ ነገር ሆኗል። ደምመላሽ ፒያሳ መሥራት ሲተው፣ ቀትር ላይ ታክሲውን አቁሞ ፀጉር ቤቱ ጓዳ ከእሷ ጋር ይበላው የነበረው ምሳም አብሮ ቀረ። ከእትዬ ሙሉእመቤት ጋር ትበላለች፤ እሳቸው ደግሞ እያኘኩ ይመክራሉ።

አንድ ጠዋት ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አቆመችው።

«ወደ መስመርህ ተመለስ።»

«የትኛው መስመር?»

«ስታውቀው! ምሳ ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ።»

«ድልድዩስ?»

«ድልድዩ መንገድ ነው። ሰው ሁሉ ያልፍበታል።»

ትኩር ብሎ አያት። ቀልድ ፈልጎ ፊቷ ላይ አጣው። የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። በሳምንቱ ታክሲው ፒያሳ ቆሞ ታየ።

ቅናቷ ለቀቃት የሚል ካለ የሺን አያውቃትም። ምሳ ላይ ከዘገየ ዐይኗ በሩ ላይ ነው። ሲመጣ «ድልድዩ ጋ መንገድ ተዘጋግቶ ነበር» ይላታል። ታምነዋለች፤ አታምነውም፤ ወጡን ግን ታሞቅለታለች።